ነጋሪት ጋዜጣ ፍለጋ ደሴ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ

እህቴ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። ነፍሰ ጡር ናት። የወሊድ ፈቃድ ስትጠይቅ «በጠቅላላ 90 ቀን ነው» አሏት። እኔ 120 ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ግን ሰምቻለሁ ብሎ አለቃ ፊት መቆም አይቻልም፣ ወረቀቱን ማሳየት ያስፈልጋል። በቴሌግራም የደረሰን ደግሞ ገጹ የጎደለ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ወጣሁና አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። «የሠራተኛ ሕግ አለ?» አልኩ። ባለሙያዋ «ወንድማለም፣ ቁጥሩንና ዓመቱን ንገረኝ» አለችኝ። አላውቀውም። ተቀምጣ አስረዳችኝ፣ እግዜር ይስጣት። አዋጆች የሚታተሙበት ነጋሪት ጋዜጣ የሚጠረዘው በርዕስ ሳይሆን በዓመት ነው። የፌዴራሉ የሚቆጠረው ከ1987 ጀምሮ ስለሆነ፣ የ2011 አዋጅ የሚገኘው «25ኛ ዓመት» የሚለው ጥራዝ ውስጥ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አወጣችልኝ።

አንቀጽ 88 ላይ አለ፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ከነደመወዙ። 90 ያሏት በተሻረው በቀድሞው የሠራተኛ አዋጅ በ377/96 ነው ማለት ነው፣ ያ 30 እና 60 ነበር። እህቴ ስንት ጊዜ አልቅሳበታለች! አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ነው የታተመው፤ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው።

አገልግሎቱ ግን ይጎድለዋል። ኮፒ ማሽን የለም፣ በስልክ አንስቼ ውጭ አሳተምኩ። አንዳንዱ ጥራዝ ከመሃል ተገንጥሏል፣ የሚቀጥለው ሰው ምን ሊያነብ ነው? ከሁሉም ያናደደኝ ማውጫ አለመኖሩ ነው። አንዲት ባለሙያ በቃሏ ይዛው እስከ መቼ? ግድግዳው ላይ የአዋጆቹ ስም ከነቁጥራቸው ቢለጠፍ ወጪው የወረቀት ብቻ ነው።

የመሬት ጉዳይ ያላችሁ ደግሞ፣ የክልላችን አዋጅ ነጋሪት ላይ አይወጣም፣ ዝክረ ሕግ (የክልሉ የሕግ ጋዜጣ) ብላችሁ ጠይቁ። የገጠር መሬቱ 252/2009 ነው። መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ መረጃ ከከለከሏችሁም በአዋጅ 590/2000 መሠረት በጽሑፍ ጠይቁ፣ በ30 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

እህቴ ገጹን ከማመልከቻዋ ጋር አያይዛ ሰኞ አስገባች። ሐሙስ 120ው ተፈቀደላት።