መምህራኖቻችንን ሳይንስ በእጅ ላስተማሩልን መምህርት

ለእኚህ መምህርት እግዜር ይስጥልን። ስሜ እዚህ አይጠቀስ ስላሉን ነው እንጂ በትልቁ ብንጽፈው ደስ ባለን። ለአጸደ ሕፃናት መምህራኖቻችሁ የተግባር ሳይንስ አሠልጣኝ የምትፈልጉ ርእሳነ መምህራን ሁሉ፣ እሳቸውን ጥሩ።

ከዚህ በፊት ስንት ሥልጠና አየን! አንዱ ጋ ስላይድ ሲነበብ ይዋልና «ምልከታ፣ ትንበያ፣ ምደባ» የሚል ትርጓሜ ይገለበጣል፤ ወደ ማታ ሰርተፍኬት ይታደላል። ሌላው የመስታወት ዕቃ የሞላ ሣጥን በውድ ዋጋ ይሸጣል። ለ4 ዓመት ልጅ የሚሰጥ ዕቃ ስላልሆነ ቢሮ ተቆልፎበት አቧራ ይጠጣል። ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበው መምህራኑ «ሳይንስ ያለ ላቦራቶሪ አይሆንም» ብለው መቅረታቸው ነው።

እኚህ መምህርት ይዘው የመጡት ሳፋ፣ የተቆረጠ ሃይላንድ፣ ጥጥ፣ ጨው፣ ብርቱካን፣ እንቁላልና ባቄላ ነው። ብርቱካን ከነልጣጩ ይንሳፈፋል፣ ሲላጥ ይሰምጣል፤ ልጣጩ አየር ስለሚይዝ ነው። ውሃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ምን እንደሚሆን ይናገራል። ከዚያ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን አየህ?» ነው። «ለምን?» ከቀደመ ልጁ ሳፋውን ትቶ መልስ ፍለጋ የመምህሩን ፊት ያያል። እንቁላሉ እንዲንሳፈፍ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ወደ 3 የሾርባ ማንኪያ ጨው ይበቃል፤ በየማንኪያው በደንብ ካልተማሰለ ግን ጨው ከታች ይቀመጥና እንቁላሉ አይነሳም። ያረጀ እንቁላል ያለ ጨውም ስለሚንሳፈፍ አስቀድሞ መሞከር ነው።

ከሁሉ ልባችንን የነካው የባቄላው ነገር ነው። መምህራኑ ቤታቸው ዘርተው እንዲመጡ ታዘው ነበር። የአንዷ በስብሶ ስለሸተተ አፍራ ቦርሳዋ ሥር ደበቀችው። እሳቸው አዩና ብርጭቆውን ተቀብለው መሃል ጠረጴዛ ላይ አኖሩት፤ «ዛሬ የምንማረው ከዚህ ነው» አሉ። ሁሉም ከበቀለው ጋር እያስተያየ ምክንያቱን ራሱ አገኘው፦ ውሃው ባቄላውን ስለሸፈነው አየር አጥቷል። ልጅቷ ቀና ብላ ስታስረዳ ማየት ነበር! ተባረኩ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። አሁን መምህራኑ ሆን ብለው ሦስት ብርጭቆ ይዘራሉ፦ አንዱ እርጥብ፣ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ በውሃ የተዋጠ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ባቄላው አንድ ሌሊት ይነከራል፤ ሥሩ እንዲታይ በጥጡና በብርጭቆው ግድግዳ መካከል ይገባል፤ ጥጡ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጥር። በብርድ ወራት ከሳምንት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ቶሎ ተስፋ ቆርጦ መጣል የለም። ክክና የተቆላ አይበቅልም። ቀለም የተቀባ ዘር መድኃኒት ስላለበት ልጅ እጅ አይግባ። ባቄላው ሲታደልም ሲሰበሰብም ይቆጠር፤ ሕፃናት አፍንጫቸው ውስጥ ይከቱታል።

የጥላውን ትምህርትም ሳላነሳ አላልፍም። አሸዋ የሞላ ሃይላንድ ግቢ ውስጥ ይቆማል፣ ልጆቹ ጥላውን በየሰዓቱ በጠመኔ ይከባሉ። ሰዓታችን የተቀመረው በ45ኛው የኬንትሮስ መስመር ስለሆነና አዲስ አበባ ከዚያ በስተምዕራብ ስላለች፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ጥላው የሚያጥረው በ6 ሰዓት ሳይሆን በ6፡25 ገደማ ነው። ሚያዝያ 5 አካባቢ ደግሞ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ፀሐይዋን ቀና ብሎ ማየት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው። ይህን ያህል ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ለሕፃናት መምህራን ሥልጠና ሲሰጥ ማየት ብርቅ ነው፣ በእውነት ብርቅ።

ፕሮጀክተር አያስፈልጋቸውም። ውሃ የሚቀዳበት ክፍል፣ ለየአራት ሰው አንድ ሳፋና መወልወያ አዘጋጁላቸው። ከ20 በላይ መምህር በአንዴ አይቀበሉም፤ ሁሉም እጁን እንዲያስገባ ነው። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ክረምት ላይ ወረፋ ስለሚበዛባቸው እባካችሁ ከአሁኑ ቀን ያዙ።