«የጣሊያን ቆዳ ነው» ሲሏችሁ ገበሩን ገልብጣችሁ እዩ

እዚህ ደብረ ብርሃን «ኦርጅናል የጣሊያን ሌዘር» እየተባለ የሚሸጥ የሴቶች የእጅ ቦርሳ አለ። ቡናማ ነው፣ ጥቁርም አለው። ፊቱ ላይ ወርቃማ ብረት ተለጥፏል፣ ብረቱ ላይ ደግሞ የታወቀ ብራንድ ስም ተቀርጿል። እኔ በ11,500 ብር ገዛሁት። ቆዳ አይደለም። ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

የገዛሁት ጥር ላይ ነው፣ ለእህቴ ሠርግ። ሻጩ አነጋገሩ ጨዋ ነው። «የኔ እህት፣ ይሄን ዕድሜ ልክሽን ነው የምትይዢው» አለኝ። ላይተር አወጣና ጠርዙን ለአፍታ ነካ አደረገው። «አየሽ? አይቀልጥም» አለ። አመንኩት። ደረሰኝ ስጠይቀው «ቦርሳ 1» ብሎ ጻፈልኝ። ከምን እንደተሠራ ጨምርበት አላልኩትም። ዋናው ስህተቴ እሱ ነው፣ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

መጋቢት ላይ ማንጠልጠያው የሚታጠፍበት ቦታ ተሰነጠቀ። ከዚያ መላጥ ጀመረ። ቆዳ ሲያረጅ ይሸበሸባል፣ ይደርቃል፣ ቀለሙ ይጠቁራል። እንደ ግድግዳ ቀለም እየተነሳ አይረግፍም። የኔው እየረገፈ ልብሴ ላይ ይቀር ነበር። ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ብቅ አለ።

እማዬ የመንዝ ሰው ናት። ቁርበት ሲለፋ እያየች ነው ያደገችው። ቦርሳውን ከእጄ ተቀበለችኝና በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ገልብጣ አየችው። አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ አሸተተችው። «ልጄ፣ ይሄንን ከብትም በግም አልለበሰውም» አለችኝ። በቃ። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም።

እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ጀንዲ ላይ ተኝተን፣ በስልቻ እህል ተሸክመን፣ ከአገልግል በልተን ያደግን ሰዎች ነን። የበግ እረኛው ደበሎ ለብሶ ነው ውርጩን የሚችለው። ቆዳን እጃችን ያውቀዋል። ግን ወርቃማው ብረት ላይ የተጻፈውን ስም ስናይ እጃችንን ማመን እናቆማለን።

መናኸሪያው አካባቢ ወደሚሠሩ ጫማ ሰፊ ወሰድኩት። «ጋሼ፣ እስቲ ይክፈቱልኝ» አልኳቸው። ገበሩን በምላጭ ቀስ ብለው ፈቱት። ከውስጥ በኩል የተሸመነ ስስ ጨርቅ ነው፣ ክሩ እንደ ወንፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፕላስቲኩ እላዩ ላይ የተለበጠ ነው። እውነተኛ ቆዳ ቢሆን ጀርባው ሻካራ ይሆን ነበር፣ ደቃቅ ክሮቹም እርስ በርስ ተጠላልፈው ይታያሉ። ከዚያ የዚፑን ኪስ ገለበጡትና «ነይ፣ ይሄን እይ» አሉኝ። ታግ የነበረበት ቦታ ነው። ታጉ በመቀስ ተቆርጧል፣ ጫፉ ብቻ ስፌቱ ውስጥ ቀርቷል። የት አገር እንደተሠራ የሚናገረውን ቁራጭ ሆን ብሎ ያወጣው ሰው አለ።

ቦርሳውን ይዤ ወደ ሻጩ ሄድኩ። አልተቆጣም፣ አላፈረምም። «እህቴ፣ አሁን እኮ ሁሉም ብራንድ ቻይና ነው የሚሠራው። ቲክቶክ አላየሽም?» አለኝ።

ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ መልስ ነው። ምክንያቱም ግማሹ እውነት ይመስላል። ስለዚህ እውነቱ የቱ እንደሆነ እንለየው።

ቪዲዮዎቹን አይቻቸዋለሁ። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2025 አሜሪካና ቻይና በገቢ ዕቃ ቀረጥ (ታሪፍ) ሲፋጠጡ በብዛት የተለቀቁ ናቸው። «ውድ የምትሏቸውን ቦርሳዎች የምንሠራው እኛ ነን፣ ከኛ በቀጥታ ግዙ» የሚሉ ሰዎች አሉባቸው። እነዚያ ሰዎች ቦርሳ ሊሸጡ ነው የመጡት። ኤርሜስ ቦርሳዎቹን የሚሠራው ፈረንሳይ ነው። ሉዊ ቪቶን ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ጣሊያንና አሜሪካ ውስጥ ወርክሾፖች አሉት። እንደ ኮች ያሉት ደግሞ በብዛት ቬትናምና ካምቦዲያ ያሠራሉ፣ ይህንንም አይደብቁም፣ ቦርሳው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

የጣሊያኖቹ ጉዳይ ግን የእውነት ጥያቄ የሚያስነሳ ነው። በፈረንጆቹ ጁን 2024 የሚላን ፍርድ ቤት የፈረንሳዩን ብራንድ የዲዮርን ቦርሳ ጣሊያን ውስጥ የሚያሠራ የራሱ የዲዮር ቅርንጫፍ ኩባንያ በፍርድ ቤት በተሾመ አስተዳዳሪ ቁጥጥር ሥር እንዲሆን አዘዘ። መርማሪዎች ሚላን አካባቢ ያሉ፣ ባለቤቶቻቸው ቻይናውያን የሆኑ ንዑስ ተቋራጮችን (ሥራውን ተቀብለው የሚሠሩ ወርክሾፖችን) ፈትሸው ነበር። ሠራተኞቹ እዚያው ወርክሾፑ ውስጥ ያድሩ ነበር። ለአንድ ቦርሳ የተከፈለው ሒሳብ የቆዳውን ዋጋ ሳይጨምር 53 ዩሮ ነው። ያው ቦርሳ ሱቅ ውስጥ 2,600 ዩሮ ይሸጥ ነበር። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ በጣሊያኑ ብራንድ በአርማኒ ቅርንጫፍ ኩባንያ ላይም ተመሳሳይ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። በዲዮሩ ላይ የተጣለው ቁጥጥር በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2025 ተነስቷል፣ ይሄንንም ማለት ተገቢ ነው።

ልብ በሉ፣ እነዚያ ቦርሳዎች የተሠሩት ጣሊያን ምድር ላይ ነው። «የጣሊያን ሥራ» የሚለው ታግ ውሸት አልነበረም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንድ ዕቃ ብዙ አገር ዞሮ ከሆነ የትውልድ አገሩ የሚባለው የመጨረሻው ወሳኝ ሥራ የተሠራበት ነው። ቆዳው ከሌላ አገር፣ ዚፑ ከሌላ አገር፣ የሚሰፋው ሰው ከሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ታጉ የሚነግራችሁ ከዚህ ሁሉ ትንሹን ነው። ሸማቾች በየቦታው «የት ነው የሚሠራው?» ብለው መጠየቃቸው እውነታቸውን ነው።

ግን ይሄ ሁሉ የኔን ፕላስቲክ ቆዳ አያደርገውም። የት ተሠራ ማለትና ከምን ተሠራ ማለት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ሻጬ በመጀመሪያው ተከልሎ ከሁለተኛው አመለጠ። እናንተንም እንዲሁ ሲላችሁ «እሺ፣ ቻይና ይሠራ። ቆዳ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቻይናም እኮ ጥሩ ቆዳ ይሠራል።

የባልደረባዬ ነገር ደግሞ ይለያል። እሷ ከሌላ ሱቅ በ14,000 ብር ገዛች፣ ያው «የጣሊያን» ተብሎ። ጋሼ ጋ ወሰድነው። የእሷ እውነተኛ ቆዳ ነው፣ ለስላሳ የበግ ቆዳ። ስፌቱን አዩና «ይሄማ የአዲስ አበባ ልጆች እጅ ነው» አሉ። እሷም አዲስ አበባ ስትሄድ ጠይቃ ጠይቃ ያንኑ ቅርጽ፣ ያንኑ ገበር አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ አገኘችው። ብረቱ ብቻ የለበትም። ዋጋው 4,800 ብር። የሠራው ልጅ ስሙ የትም የለም። ትርፉን የወሰደው ብረት የለጠፈው ነው።

ይሄ እኔን ከራሴ ኪሳራ በላይ አሳዝኖኛል። የደጋ በጎቻችን ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት፣ በተለይ ለጎልፍ ጓንት፣ በዓለም ገበያ የሚፈለግ ነው። እኛ ግን በበዓል ማግስት ቆዳውን የሚገዛን አጥተን በየቦዩ እንጥለዋለን። ከዚያ የአገራችን ልጅ በአገራችን ቆዳ የሠራውን ቦርሳ የጣሊያን ስም ካልለጠፉበት አንነካም።

አሁን ወደ እናንተ። ላይተሩን አትመኑ። እሳት ለአፍታ ሲነካው የማይቀልጥ ፕላስቲክ ሞልቷል፣ እውነተኛ ቆዳም ቢሆን ቆይቶ ይቃጠላል። ጠርዙን እዩ። በቀለም ተደፍኖ ከሆነ ኪሱ ውስጥ ወይም ገበሩ የላላበት ቦታ ያልተደፈነ ፈልጉ። ፊቱን በጣታችሁ ጫን አድርጉት፣ ቆዳ በትንንሹ ተሸብሽቦ ይመለሳል። ቀዳዳዎቹ ሁሉ እኩልና በሰልፍ የቆሙ ከሆኑ ማሽን ያተማቸው ናቸው። ታግ ላይ «ፒዩ» ካያችሁ ፕላስቲክ ነው። «ቦንድድ» የሚል ካለ የቆዳ ብጥስጣሽ ተፈጭቶ በማጣበቂያ የተጋገረ ነው፣ እሱም ቶሎ ይላጣል። «ጄኒዩን ሌዘር» የሚለው ቃል ስለ ጥራቱ ምንም አይነግራችሁም። ታጉ ተቆርጦ ካገኛችሁት ደግሞ ተዉት፣ አትከራከሩ፣ ውጡ።

የደረሰኙ ነገር። «የበግ ቆዳ» ወይም «የከብት ቆዳ» ተብሎ ከነሥሪት አገሩ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። እውነቱን የሚሸጥ ሰው ብዕሩን ለማንሳት አያቅማማም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። እኔ ስነቃ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር። ደረሰኜም «ቦርሳ 1» ነው የሚለው። ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ አመልክቻለሁ፣ ግን ቆዳ ብሎ እንደሸጠልኝ የሚያሳይ ወረቀት በእጄ የለም።

ስለዚህ ቡናማውን ወይም ጥቁሩን ገዝታችሁ ከሆነ ዛሬ ማታ አውጡት። ወርቃማውን ብረት ተዉት። የውስጥ ኪሱን ዚፕ ክፈቱና ገበሩን ገልብጡ፣ በስተግራ ባለው ስፌት ላይ የተቆረጠ ታግ ጫፍ ካለ ያው የኔው ነው። 15 ቀን ካልሞላችሁ ነገ ጠዋት ደረሰኙን ይዛችሁ ሂዱ፣ ብቻችሁንም አትሂዱ።