ማርች 809 ወይስ ሪፕታይድ? ለቤት ቢራ ጠመቃ የሚሆን ፓምፕ

20 ሊትር የፈላ የብቅል ጭማቂ ከድስት ወደ ድስት በእጅ መገልበጥ እግር ያስልጣል፤ ፓምፕ የሚገዛውም መጀመሪያ ለዚሁ ነው። ገዢው ግን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ካርቶኑ ላይ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደተጻፈ አይቶ ነው። ማርች 809ም ሪፕታይድም በደቂቃ 26 ሊትር ገደማ ይላሉ። የግማሽ ኢንች ጎማና የጭማቂ ማቀዝቀዣ ከተገጠመላቸው በኋላ ሁለቱም ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው የሚሰጡት፣ ለ20 ሊትር ጠመቃ ያም ይተርፋል። ጭማቂውን በብቅሉ ላይ እያዞሩ ለማጥራት በደቂቃ ከ3 እስከ 4 ሊትር ይበቃል። ከዚያ ሲፈጥን የተከካው ብቅል ወንፊቱ ላይ ይጫንና እንደ ጭቃ ይደፈናል። ስለዚህ ዋጋ የሚከፈልበት ነገር ሁለት ነው፦ ሙቀት መቻሉና አየር ሲይዝ ቶሎ መልቀቁ።

ሁለቱም በማግኔት የሚሠሩ ናቸው። ሞተሩ ላይ አንድ ማግኔት አለ፣ ጭማቂው ውስጥ የሚሽከረከረው ተሽከርካሪም የራሱ ማግኔት አለው፣ በመካከላቸው ድፍን ግድግዳ ነው። በግድግዳው የሚያልፍ ዘንግ ስለሌለ የሚያፈስ ጓርኒሲዮን (የዘንግ ማሸጊያ) የለም፤ ቆሻሻ ተሽከርካሪውን ቢይዘው ሞተሩ ለብቻው ይዞራል እንጂ አይቃጠልም። ለጣራ ታንከር የሚሸጠው ተራ የውሃ ፓምፕ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። የተሠራው ለቀዝቃዛ ውሃ ስለሆነ ጓርኒሲዮኑ የፈላ ነገር አይችልም፣ የብረት ሆዱም ይዝጋል።

ማርች 809 አሮጌ የሥራ ፈረስ ነው። ለጠመቃ ሲገዛ ሙቀት የሚችለውን ዓይነት፣ ራሱ (ጭማቂው የሚያልፍበት የፊት ክፍል) ፖሊሰልፎን ከሚባል ሙቀት ቻይ ፕላስቲክ የሆነውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እስከ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል። ወደ ላይ የሚገፋው እስከ 3.7 ሜትር ገደማ ነው። ራሱ በአራት ብሎን ስለተያዘ ተፈትቶ መውጫው ወደ ላይ እንዲያይ ይዞራል፤ ይህ ከፋብሪካው እንደመጣ የማይተው የመጀመሪያ ሥራ ነው፣ አየር ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን አይወጣማ። ጉድለቱ አየር ማስወጫ የሌለው መሆኑ ነው። መውጫው ላይ ቲ (ሦስት አፍ ያለው ማያያዣ) ገጥሞ በአንዱ ጎን ትንሽ ቫልቭ፣ በሌላው የፍሰት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ማድረግ ጉድለቱን ይሞላል። ማያያዣው የሚጠመዘዝበት ጥርስ ፕላስቲክ ስለሆነ ቴፍሎን ጠቅልሎ በእጅ ማጥበቅ ይበቃል፤ በቁልፍ የጠበቀ ይሰነጠቃል።

ብሊችማን የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ሪፕታይድ እነዚህን ሁለቱንም ቫልቮች ይዞ ይመጣል። ራሱ የማይዝግ ብረት ነው፣ የሚከፈተውም ያለ ካቻቢቴ፣ በክላምፕ ነው። እስከ 6.4 ሜትር ይገፋል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ይወደዳል። በየሳምንቱ ለሚጠምቅና ማጠብ ለሚሰለቸው ሰው ጭማሪው ተገቢ ነው፤ በወር አንዴ ለሚጠምቅ ማርችና ሁለት ቫልቭ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። በ12 ወይም በ24 ቮልት የምትሠራው ትንሿ ርካሽ ፓምፕ ለሙቅ ውሃና ለማዘዋወር አታሳፍርም፣ ፍርፋሪ ሲበዛባት ግን ወዲያው ትታነቃለች።

ፓምፑ ከመጣ በኋላ ብዙ ሰው "አይስብም" ብሎ የሚያማርረው ከአቀማመጥ ስህተት የተነሳ ነው። እነዚህ ፓምፖች ይገፋሉ እንጂ አይስቡም፤ ጭማቂው በራሱ ክብደት ወርዶ ሆዳቸውን መሙላት አለበት። ፓምፑ ከድስቱ ቫልቭ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። የመግቢያው ሲሊኮን ጎማ አጭርና ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ ከላይ እስከ ታች ሳይጎብጥ የሚወርድ ይሁን፤ አንድ ቦታ እንደ ግመል ሻኛ ከፍ ካለ አየሩ እዚያው ይቀመጣል። ሞተሩ ጠፍቶ የድስቱን ቫልቭ ሙሉ በሙሉ መክፈት፣ ከዚያ የአየር ማስወጫዋን ቫልቭ መክፈት። መጀመሪያ አየር ብቻ፣ ቀጥሎ አረፋ ከጭማቂ ጋር እየተቆራረጠ ይወጣል፤ ያለ አረፋ እንደ ክር ሲወርድ ማስወጫዋን ዘግቶ ሞተሩን ማስነሳትና የመውጫውን ቫልቭ ቀስ እያሉ መክፈት ነው። እየዞረ ካልገፋ አጥፍቶ አምስት ሰከንድ መጠበቅ ነው፤ አረፋው ተንሳፍፎ ይወጣል።

ፍሰት የሚቀነሰው በመውጫው ቫልቭ ብቻ ነው። መግቢያውን ማነቅ ውስጥ ያለውን ግፊት ያወርድና ሙቁ ጭማቂ እዚያው ይፈላል፤ ያኔ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። እየተንተከተከ ያለ ድስትም ያንኑ ያደርጋል፤ እሳቱን አጥፍቶ አንድ ሁለት ደቂቃ ማሳረፍ ይሻላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ፓምፑ ይቀለዋል የሚል ካለ ተሳስቷል። የሚፈላ ነገር የትም ቢሆን በመፍላት ጫፍ ላይ ነው ያለው፤ የሚረዳው ከፓምፑ በላይ ያለው የጭማቂ ከፍታ ብቻ ነው።

ከአሜሪካ ፓምፕ አስልኮ አገር ቤት ለመጥመቅ ያሰበ ሰው የ230 ቮልቱን ዓይነት ያዝዝ። የ115 ቮልቱን በትራንስፎርመር ማስነሳት ይቻላል፣ ነገር ግን ትራንስፎርመር 50 ኸርዙን 60 አያደርገውም። ሞተሩ ስድስት ሲዞር የነበረው አምስት ይዞራል፣ የሚገፋበት ከፍታ ወደ 70 ከመቶ ይወርዳል፣ ከወትሮውም በላይ ይግላል። ሌላው የማያያዣው ጥርስ ነገር ነው። የአሜሪካው ግማሽ ኢንች ጥርስና እኛ አገር የቧንቧ ዕቃ መደብር የሚሸጠው በኢንች እኩል 14 ጥርስ ስላላቸው ገጥመው ይጠብቃሉ፤ የጥርሱ ማዕዘን ግን 60 እና 55 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ ያንጠባጥባሉ። የጎማ ማያያዣውን ከፓምፑ ጋር አብሮ ማስላክ ነው መድኃኒቱ። ሶኬቱም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ የሚቆርጥ ይሁን።

እጥበቱ ችላ አይባልም። ጠመቃው እንዳለቀ 60 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ የቢራ ዕቃ ማጠቢያ በጥብጦ 20 ደቂቃ ማዞር፣ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ የፓምፑን ራስ መፍታት። ተሽከርካሪው ሲወጣ ከጀርባው የብቅል ገለባ ተጣብቆ፣ ማግኔቱ ዙሪያም ጥቁር የብረት ብናኝ ተሰብስቦ ይገኛል፤ ሁለቱም በጨርቅ ይጠረጋሉ። የመሃል ቀዳዳው ከክብነት ወጥቶ ሞላላ ከሆነ ወይም ፊት ያለው ቀለበት ከተጋጠ ፓምፑ በደረቁ ዞሯል ማለት ነው፤ ተሽከርካሪው የሚዞርበት ዘንግ የሚለሰልሰው በጭማቂው ብቻ ነው። መለዋወጫው ተሽከርካሪ ለብቻው ይሸጣል፣ ሞተሩ አይጣልም።

ለጠላ ፓምፕ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የጌሾው እንጨትና ቅጠል ከድፍድፉ ጋር በአንድ ደቂቃ ያንቀዋል። በእርሾ ፈልቶ ያረፈ ቢራም በዚህ ፓምፕ አይተላለፍ፤ አንዲት የላላ ማሰሪያ በመግቢያው በኩል አየር ካስገባች ቢራው በሳምንታት ውስጥ የእርጥብ ካርቶን ጣዕም ያመጣል። ለዚያ ከፍ ያለ ጠረጴዛና አንድ የመሳቢያ ቱቦ ይበቃል።