በብሪታንያ ቦክስ ለማየት የቱ ይሻላል፦ ነፃ ቻናል፣ የወር ክፍያ ወይስ የአንድ ሌሊት ግዢ?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 1993 ክሪስ ዩባንክና ናይጅል ቤን በማንቸስተር ኦልድ ትራፎርድ ስታዲየም ተገናኝተው አቻ ሲለያዩ፣ ግጥሚያውን በነፃው ቻናል በአይቲቪ ከ16 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተከታትሎት ነበር። ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ባሪ ማክጊገን ዩሴቢዮ ፔድሮሳን በነጥብ አሸንፎ የዓለም ቀበቶ ሲወስድ በቢቢሲ የተመለከተው ሕዝብ ወደ 20 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ዛሬ በለንደን የሚኖር ሰው ያን ያህል ታላቅ ግጥሚያ ማየት ቢፈልግ፣ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ለማን መክፈል እንዳለበት ነው። ወደዚህ አገር አዲስ የመጡ የቦክስ ወዳጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝም ይህንኑ ስለሆነ፣ አማራጮቹን ከነዋጋቸውና ከነጉድለታቸው አንድ ላይ አቅርቤያለሁ።

ለውጡ የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በወር ክፍያ የሚታየው የቴሌቪዥን ኩባንያ ስካይ ታላላቆቹን ቡጢኞች አንድ በአንድ ወሰዳቸው፤ በማርች 1996 ፍራንክ ብሩኖ ላስ ቬጋስ ላይ ከማይክ ታይሰን ጋር ሲገጥም ደግሞ የብሪታንያ ተመልካች ከወር ክፍያው በተጨማሪ ለዚያች ሌሊት ብቻ እንዲከፍል ተደረገ። ሕጉም ይህን አያግድም፤ የኦሊምፒክ ጨዋታዎች፣ የእግር ኳስ የዓለም ዋንጫ፣ የዊምብልደን ፍጻሜና የግራንድ ናሽናል የፈረስ ውድድር ለነፃ ቻናሎች መቅረብ እንዳለባቸው የሚደነግገው ዝርዝር ፕሮፌሽናል ቦክስን አይጨምርም። የሠፈር ቦክስ ክለቦችን የሚሞሉት ብዙዎቹ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚወጡ ልጆች ሆነው ሳለ፣ የስፖርቱ ታላላቅ ሌሊቶች ከእነዚሁ ልጆች ሳሎን መራቃቸው እኔን ከልብ ያሳዝነኛል።

ነፃው መንገድ ጨርሶ አልተዘጋም። ቻናል 5 በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ የሃርለም ዩባንክን ግጥሚያዎች አሳይቷል፤ ቢቢሲም ከረጅም ዓመታት መራቅ በኋላ በዲሴምበር 2025 ከደርቢ ከተማ የብሪታንያን የከባድ ሚዛን ቀበቶ ፍልሚያ በቀጥታ አስተላልፏል። «ነፃ» ስንል ግን የቴሌቪዥን ፈቃዱን መርሳት የለብንም፤ ዓመታዊ ክፍያው ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 174.50 ፓውንድ ሆኖ ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱ የሚያስፈልገው ቢቢሲን ለማየት ብቻ ሳይሆን፣ በየትኛውም ቻናል ወይም በኢንተርኔት የሚተላለፍ የቀጥታ የቴሌቪዥን ስርጭት ለማየት ጭምር ስለሆነ፣ ዋጋ ስናነጻጽር የነፃዎቹ ቻናሎች ወጪ አድርገን ብቻ ልንቆጥረው አይገባም። ፈቃዱ ላለው ቤት እነዚህ ግጥሚያዎች አንድ ሳንቲም አይጨምሩም። ጉድለታቸው ጥቂትና የተራራቁ መሆናቸው ነው፤ አንድን ቡጢኛ ከጀማሪነቱ እስከ ቀበቶው ተከታትሎ ማየት በእነሱ ብቻ አይቻልም።

በየሳምንቱ መጨረሻ ቦክስ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ በወር ክፍያ ስፖርት በኢንተርኔት የሚያሳየው ዳዞን ነው፤ ይህን የምለው ግጥሚያዎቹ ያሉት እዚያ ስለሆነ ነው። ከብሪታንያ ትልልቅ አዘጋጆች መካከል ማችሩም በ2021 ከስካይ ወደዚያ ተሻግሯል፤ ኩዊንስቤሪም በ2025 ተከትሎታል። ሆኖም ከመመዝገብ በፊት ሁለት ነገሮች በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። አንደኛው፣ በጣም የሚጠበቁት ግጥሚያዎች በወር ክፍያው ውስጥ ላይካተቱና ለብቻቸው ሊሸጡ ይችላሉ። ሁለተኛው የውሉ ዓይነት ነው፤ በወር ሲሰላ ርካሽ የሆነው ዋጋ የ12 ወር ግዴታ ያለበት ሲሆን፣ በፈለጉ ጊዜ የሚቋረጠው ግን በወር የሚከፈልበት ገንዘብ ከፍ ይላል። በዓመት ከሦስት ወይም ከአራት ወር በላይ ለማየት ጊዜ የሌለው ሰው ውዱን ወርኃዊ ውል ገብቶ ቢያቋርጥ ይጠቀማል፤ የግጥሚያዎቹ መርሐ ግብር አስቀድሞ ስለሚወጣ ወሩን መምረጥ አያስቸግርም።

የአንድ ሌሊት ግዢ ስሌቱ ሌላ ነው። ሜይ 18 ቀን 2024 ታይሰን ፉሪና ኦሌክሳንደር ኡሲክ ሪያድ ላይ የተገናኙበት ፍልሚያ በስካይ፣ በሌላው የክፍያ ስፖርት ቻናል በቲኤንቲና በዳዞን በኩል በ25 ፓውንድ ገደማ ተሸጧል። ለብቻው ለሚያይ ሰው ይህ ውድ ነው። እኛ ግን ስድስት ሆነን አንድ ቤት ተሰብስበን አዋጥተን ነበር፤ ለአንድ ሰው ከአራት ፓውንድ ትንሽ በለጥ ያለ ደረሰብን፤ ምግቡንም የቤቱ ባለቤት ቻሉን። ዋጋው በሦስቱም አንድ ከሆነ የሚለያቸው የስርጭቱ ፍጥነት ነው። በኢንተርኔት የሚመጣ ምስል ብዙ ጊዜ በሳተላይት ከሚመጣው በብዙ ሰከንድ ይዘገያል። በዘጠነኛው ዙር ፉሪ በገመዱ ላይ ተንገዳግዶ ዳኛው ሲቆጥሩለት፣ እኛ ቤት ምስሉ ገና እዚያ ሳይደርስ የአንዱ ጓደኛችን ስልክ በመልእክት ይንጫጫ ጀመር። የሳተላይት መቀበያ ያለው ሰው በእሱ ቢገዛ ይመረጣል፤ በኢንተርኔት የሚያይ ግን ስልኩን አስቀድሞ ይዝጋ። አሜሪካ ውስጥ የሚካሄድ ግጥሚያ ከሆነ ዋናው ፍልሚያ እዚህ የሚጀምረው እሑድ ሊነጋጋ ሲል ስለሆነ፣ እንቅልፍ የሚያሸንፈው ሰው ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል። ለመኖሪያ ቤት የተገዛ ስርጭት በምግብ ቤት ወይም በካፌ ለደንበኞች ማሳየትም አይፈቀድም፤ ለዚያ የንግድ ውል ያስፈልጋል።

ኔትፍሊክስ ያለው ቤት ጥቂት ትልልቅ ሌሊቶችን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል፤ ካኔሎ አልቫሬዝና ቴረንስ ክሮፎርድ በሴፕቴምበር 2025፣ አንቶኒ ጆሹዋና ጄክ ፖል ደግሞ በዲሴምበር 2025 የገጠሙት በዚያ ነው። ለቦክስ ብሎ መመዝገብን ግን አልመክርም፤ በዓመት የሚያቀርባቸው ግጥሚያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ምንም መክፈል የማይችል ሰው ሬዲዮን አይናቅ። በብሪታንያ ሬዲዮ ለማዳመጥ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ቢቢሲ 5 ላይቭና ቶክስፖርት ብዙ ታላላቅ ግጥሚያዎችን ዙር በዙር በቀጥታ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። እንግሊዝኛው እስኪለመድ የቡጢዎቹን ስም መለየት ያስቸግር ይሆናል፤ የደወሉ ድምፅ ግን ዙሩ መጀመሩንና ማብቃቱን፣ የተመልካቹ ጩኸትም የፍልሚያውን ግለት ያስታውቃሉ።