ኤሮሶል ኦቲ ለአክሪላማይድ ማይክሮኢመልሽን፦ ከመግዛትዎ በፊት

አክሪላማይድን ወደ ፖሊመር (ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት) ለመቀየር አንዱ መንገድ ማይክሮኢመልሽን ነው፤ ይህም አክሪላማይዱ የሟሟበት ውሃ በዘይት ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ጠብታዎች ሆኖ የተበተነበት ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ውሃን በዘይት ውስጥ በትኖ ለመያዝ ለጀማሪ የምንመክረው ሰርፋክታንት (ውሃና ዘይትን የሚያስማማ ንጥረ ነገር) ኤሮሶል ኦቲ፣ በሌላ ስሙ ዶኩሴት ሶዲየም ነው። ረዳት አልኮል ሳይፈልግ ብቻውን ይሠራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አይሶፕሮፓኖል የመሰለ አልኮል ከገባ የሚያድገው የፖሊመር ሰንሰለት ራዲካሉን (ሰንሰለቱን የሚያሳድገውን ንቁ ጫፍ) ለአልኮሉ አስረክቦ ይቆማል፣ ፖሊመሩም አጭር ይሆናል።

ከጠርሙሱ ሲወጣ ነጭ ሰም ይመስላል፣ ማንኪያ ላይ ይጣበቃል። ትልቁ ጉድለቱ የአየር እርጥበት መሳቡ ነው። 2 በመቶ እርጥበት ብቻ የውሃና የሰርፋክታንቱን የሞል ጥምርታ በ0.5 ያዛባል። ስለዚህ በቫኩም ምድጃ በ50 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ይድረቅ፣ ሲመዘንም ቶሎ ይመዘን። ከፋርማሲ የሚገዛው የሆድ ማለስለሻ ዶኩሴት መሙያና ሽፋን ስላለው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ለሞል ጥምርታ 10፣ 4.45 ግራም ሰርፋክታንት በቶሉዊን (እዚህ ዘይቱ እሱ ነው) አሟሙቶ 100 ሚሊ ሊትር ማድረስ፤ ከዚያ 0.4 ግራም አክሪላማይድ የሟሟበትን 1.8 ሚሊ ሊትር ውሃ እያማሰሉ በጠብታ መጨመር። አክሪላማይድ ነርቭ ይጎዳልና ጓንትና የጭስ መሳቢያ ግድ ነው። ፈሳሹ ጥርት ካላለ አይቀጥሉ። ኦክስጅን ራዲካሉን ስለሚበላ ናይትሮጅን ለ30 ደቂቃ ይንፋ፤ ጋዙ አስቀድሞ በቶሉዊን ውስጥ ካላለፈ ግን ቶሉዊኑን ተሸክሞ ይሄድና ልኬቱ ይበላሻል። በመጨረሻ 4 ሚሊ ግራም ኤአይቢኤን (ሲሞቅ ራዲካል የሚሰጥ አስጀማሪ) ጨምሮ 60 ዲግሪ ላይ ማቆየት።

በተጨማሪነት ባይቆጠርም በጠብታዎቹ ላይ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ራሱ አክሪላማይዱ ነው። ከውሃው አልፎ በጠብታው ገጽ ላይ ይሰፍራል፣ ጠብታዎቹም ይሳሳባሉ። ሶዲየም ክሎራይድ በተቃራኒው የሰርፋክታንቱን ጭንቅላቶች (ውሃ ወዳድ ጫፎች) መገፋፋት ያዳክማል፤ በጠብታው ዙሪያ ያለው የሰርፋክታንት ሽፋን ይጠነክራል፣ ሞኖመር (እዚህ አክሪላማይዱ) ከጠብታ ወደ ጠብታ መሻገሩም ይቀዘቅዛል። ጨው ሲበዛ ውሃው ተገፍቶ ከሥር ይጠራቀማል፤ ያን ጊዜ ሙከራው አብቅቷል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የተሠሩት ጥናቶች እንዳሳዩት የመጨረሻዎቹ ቅንጣቶች ከመነሻው ጠብታ ይተልቃሉ፤ ዲያሜትራቸው ከ20 እስከ 50 ናኖሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ጠብታው ቅርጽ ማውጫ ነው ብሎ መጠኑን ከጥምርታው ብቻ መተንበይ ስህተት ነው።

ኤሮሶል ኦቲን ለምርምር ናሙና እናመሰግነዋለን። ለብዛት ምርት ግን ከፖሊመሩ 11 እጥፍ ሰርፋክታንት ማባከን አያዋጣም፣ ማጠቡም አድካሚ ነው። ፖሊመሩን በአሴቶን አዝቅጦ ሦስት ጊዜ ማጠብ፤ ከዚያ ጥቂቱን በውሃ አሟሙቶ መናጥ። አረፋ ከያዘ ገና አልጠራም።