ቴፍሎን ቴፕ ለሲንክ ሥር ማፍሰስ፦ የት ያዋጣል፣ የት ዋጋ የለውም

ከሲንክ ሥር ውሃ መንጠባጠብ ሲጀምር ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያነሣው ነጩን የቴፍሎን ጥቅል ነው። ቴፍሎን ጥሩ ዕቃ ነው፤ ሥራው ግን አንድ ብቻ ነው። ጥርስ (በቧንቧው ጫፍ ላይ ያለው ጠመዝማዛ ቅርጽ) ከጥርስ ተገጥሞ ሲጠብቅ በመሃል የሚቀረውን ቀጭን ክፍተት ይሞላል። ጎሚኒ (ውሃ የሚያግድ የጎማ ቀለበት) ባለበት መጋጠሚያ ላይ ቢጠቀለል ምንም አይጨምርም፣ አንዳንዴም ያበላሻል። ችግሩ ከሲንክ ሥር ካሉት መጋጠሚያዎች አብዛኞቹ ጎሚኒ ያላቸው መሆናቸው ነው። ቴፑ «አልሠራም» ተብሎ የሚታማውም በአብዛኛው በማይገባበት ቦታ ስለሚጠቀለል ነው።

የተለመደው ጥቅል 12 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 0.075 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 12 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ሙጫ የለውም፤ የሚይዘው በመጨመቅ ብቻ ነው። ሲገዛ ከጥቅሉ አንድ ስንዝር ያህል ፈትቶ መሳብ ይበቃል፦ ደህናው ቴፕ ይለጠጥና ቀስ ብሎ ይበጠሳል፤ ደካማው ገና ሳይለጠጥ ይተረተራል፣ ወደ ብርሃን ሲያዙትም ያሳልፋል። ጥቅሉ ላይ ውፍረቱ ካልተጻፈ ሌላ መምረጥ ይሻላል። ወፈር ያለው ዓይነት ከተገኘ እሱን ውሰዱ፤ ዙሩ ያንሳል፣ ጥርስ ላይም ቶሎ አይቆረጥም። የግማሽ ኢንች ጥርስ የውጭ ዲያሜትሩ 21 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ዙር 66 ሚሊ ሜትር ያህል ይወስዳል፤ ስምንት ዙር ቢጠቀለል ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ጥቅል ከ20 በላይ መጋጠሚያ ይሠራል፣ ስለዚህ መቆጠብ አያስፈልግም።

ጥቅሉ ከመፈታቱ በፊት የሚያፈሰው የቱ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ውሃ ከላይ ጀምሮ ቧንቧውን ተከትሎ ስለሚወርድ ጠብታው የሚታይበት ቦታና የሚፈስበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ሁሉንም በጨርቅ አድርቁና በየመጋጠሚያው ላይ ደረቅ ሶፍት ጠቅልሉ፤ ከሁሉ ቀድሞ የረጠበው ሶፍት ቦታውን ያሳያል። ሲንኩ ሳይከፈትም የሚረጥብ ከሆነ ችግሩ ግፊት ባለበት በመግቢያው መስመር ነው። ውሃ ሲለቀቅ ብቻ ከሆነ ችግሩ በሲፎኑ (ከሲንኩ ሥር ባለው ጠማማ የፍሳሽ ቧንቧ) ወይም በማፍሰሻው በኩል ነው።

ፍሌክሲብሉ (ውሃ ወደ ሲንኩ ቧንቧ የሚያደርሰው ተጣጣፊ ቱቦ) ከቫልቩ ጋር የሚገናኝበት ዳዶ፣ ማለትም በመፍቻ የሚጠብቀው ማሰሪያ፣ ካፈሰሰ ቴፍሎን አይጠቅመውም። ውሃውን የሚይዘው በዳዶው ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ ጎሚኒ ነው፤ ጥርሱ ጎሚኒውን ከመጫን ሌላ ሥራ የለውም። ቫልቩን ዘግታችሁ፣ ከላይ ያለውን ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን አስወጡ፣ ባልዲ አስቀምጡ፣ ከዚያ ዳዶውን ፍቱ። ጎሚኒው ከተሰነጠቀ፣ ከደረቀ ወይም ጠርዙ ጥልቅ ቦይ ከሠራ ቀይሩት። ሲመለስ በእጅ እስኪይዝ ጠምዝዛችሁ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ጎሚኒውን ጨምቆ ወደ ጎን ያወጣዋል፣ ማፍሰሱም ይብሳል። የፍሌክሲብሉ የሽቦ ልባስ ከዛገ ወይም ጎማው ካበጠ ደግሞ ጎሚኒ መቀየር ትርፍ የለውም፤ ሙሉው ይቀየር።

የነሐስ ቀለበት ተጨምቆ የሚይዝባቸው መጋጠሚያዎችም እንዲሁ ናቸው። ውሃውን የሚያግደው ቀለበቱ ቧንቧውን የሚነክስበት ቦታ ስለሆነ ጥርሱ ላይ ቴፕ መደረብ ከንቱ ነው። የመጋጠሚያውን አካል በአንድ መፍቻ ያዙ፣ በሌላው ዳዶውን ከአንድ ስምንተኛ እስከ ሩብ ዙር አጥብቁ። አካሉን ሳይዙ ማጥበቅ ቧንቧውን ያጣምመዋል። ካላቆመ ቀለበቱ ተጎድቷል ወይም ጠማማ ተቀምጧልና ይቀየር።

የሲፎን ጉዳይ አጭር ነው። ግፊት የለውም፤ የሚይዘውም ሾጣጣ ጎሚኒ ነው፣ ሾጣጣው ጎን ከዳዶው ርቆ ወደ መጋጠሚያው አካል ይዞራል። ተገልብጦ የገባ ጎሚኒ ምንም ቢጠብቅ ያፈሳል። ጥርሱም ሆነ ጎሚኒው የተቀመጠበት ቦታ ይታጠብ፣ ከዚያ በእጅ ብቻ ይጥበቅ፤ የፕላስቲክ ዳዶ በመፍቻ ሲጎተት ይሰነጠቃል።

ታዲያ ቴፍሎን የት ነው የሚያዋጣው? ከግድግዳ የሚወጣው ኒፕል (አጭር ባለ ጥርስ ቧንቧ)፣ ቫልቩ ግድግዳው ውስጥ ካለው ሴቴ (ጥርሱ በውስጥ በኩል ያለ መጋጠሚያ) ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ብረት ከብረት በጥርስ ብቻ የሚያያዝበት ማንኛውም ቦታ። እዚያ ከእሱ የሚበልጥ ቀላል ዕቃ የለም። አሮጌው ቴፕ በሽቦ ብሩሽ ሙሉ በሙሉ ይጠረግ፤ የቀረች ቁራጭ አዲሱን ጥቅል እንድታጣምም ይበቃታል። ጥርሱ ደረቅ ይሁን። የወንዴውን (ጥርሱ በውጭ በኩል ያለውን) አፍ ወደ ራሳችሁ አዙሩና ቴፑን በሰዓት አቅጣጫ ጠቅልሉ፤ በተቃራኒው ከተጠቀለለ ፊቲንጉ (መጋጠሚያው ዕቃ) ሲገባ ይፈታዋል። ከአፉ በኩል የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ተዉት፤ አለዚያ ቁራጩ ተበጥሶ ውስጥ ይገባና ከሲንኩ ቧንቧ አፍ ላይ ባለው ወንፊት ይያዛል። ቴፑ በጣት እየተወጠረ ይዙር፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ ይሸፍን። በቀጭኑ ቴፕ ከአምስት እስከ ስምንት ዙር፣ በወፍራሙ ሦስት ወይም አራት ይበቃል። መጨረሻው በመቀስ አይቆረጥ፤ ጎትታችሁ በጥሱትና በአውራ ጣት ጥርሱ ውስጥ ጫኑት። በትክክል ከተጠቀለለ የጥርሱ ቅርጽ ከላይ ሆኖ ይታያል። ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ገብቶ ከዚያ መክበድ ከጀመረ ልኩ ነው። እስከ መጨረሻው ያለ ጥረት የሚገባ ከሆነ ቴፑ አንሷል፣ ተፈትቶ ይደገም።

ሁለት ድክመቶች አሉት። አንደኛው፣ ከጠበቀ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አይወድም። ቫልቩ ጠማማ ቆሟል ተብሎ ሩብ ዙር ቢላላ ቴፑ ቦታውን ይለቃል፣ ከዚያ የሚቀረው ሁሉንም ጠርጎ እንደገና መጠቅለል ነው። ስለዚህ የመጨረሻው አቅጣጫ አስቀድሞ ይታሰብና ወደፊት ብቻ ይጠምዘዝ። ሁለተኛው፣ ቴፍሎን ያንሸራትታል። ብዙ ዙር ከተደረበ በኋላ ክንድ ሳይሰማው ከሚገባው በላይ ይጠብቃል፣ በተለይ የፕላስቲክ ሴቴ ይሰነጠቃል። ፕላስቲክ ላይ በእጅ እስኪይዝ፣ ከዚያ አንድ ዙር ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ይብቃ።

ተፎካካሪዎቹን በተመለከተ፣ ቃጫ ከማሸጊያ ፓስታ (ጥርስ ላይ ከሚቀባ ወፍራም ቅባት) ጋር እስካሁን ጠንካራ አማራጭ ነው። ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥ ቫልቩን ለማስተካከል ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስችላል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ብዙ ቧንቧ ሠራተኞች አይለቁትም። ለስላሳ ጥርስ ላይ ግን ይንሸራተታል፣ በብረት መጋዝ ምላጭ ጥርሱን መቧጠጥ ይፈልጋል፤ ከበዛም ቀጭን ነሐስ ይሰነጥቃል። ፈሳሹ የጥርስ ማሸጊያ ብረት ከብረት ሲገናኝ አየር አጥቶ ይጠነክራል፣ ፕላስቲክ ላይ አይሠራም፣ እስኪጠነክር መቆየትም ይፈልጋል፣ ወዲያው ውሃ አይለቀቅበትም። ከውጭ ሲሊኮን መቀባት ግን የማንመክረው ነው። ግፊቱ ከውስጥ ስለሚገፋው ቀስ ብሎ ያላቅቀዋል፣ ቀጥሎ የሚጠግነውም ሰው ጥርሱን ለማጽዳት ይቸገራል።

ሥራው ሲያልቅ ቫልቩን በአንዴ ሳይሆን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ አዲስ ሶፍት ጠቅልላችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላና በማግስቱ እዩ። ለሲፎኑ ሲንኩን ሞልታችሁ በአንድ ጊዜ ልቀቁት፣ ትንሽ ውሃ ብቻ ማሳለፍ ድክመቱን አያሳይም። ቴፑ ሁለተኛ ጊዜ ተጠቅልሎም ሶፍቱ ከረጠበ ደግሞ ሦስተኛ ከመጠቅለላችሁ በፊት የሴቴውን ጠርዝ በባትሪ ብርሃን ዞር ብላችሁ መርምሩ። ቀጭን ስንጥቅ ካለ ምንም ያህል ቴፕ አይዘጋውም፣ ፊቲንጉ ይቀየር።