የደረጃችንን መብራት ለዘረጋልን ባለሙያ ምስጋና

ስድስት ኪሎ አካባቢ በሚገኘው ባለ አንድ ፎቅ ቤታችን የደረጃውንና የኮሪደሩን መብራት እንደ አዲስ የዘረጋልንን ወጣት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሠራተኛ ሲገኝ ለሌላውም መጠቆም ይገባል።

ፍላጎታችን መብራቶቹ ከደረጃው ሥር፣ ከደረጃው ራስና ከእናቴ መኝታ ቤት በር አጠገብ፣ ከሦስቱም ቦታ እንዲበሩና እንዲጠፉ ነበር። እናቴ ሌሊት ስትነሳ በጨለማ ግድግዳ እየዳበሰች መሄዷ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ባለሙያው ከሁሉ በፊት የቆየውን መስመር መረመረ። ቀደም ሲል የሠራው ሰው ማብሪያውን ኃይል በሚያመጣው ሽቦ (በፌዙ) ላይ ሳይሆን በመመለሻው ሽቦ (በኒውትራሉ) ላይ አስገብቶት ኖሯል። የኤልኢዲ አምፖሎቹ ከጠፉ በኋላ እንኳ ደብዘዝ ብለው ይታዩ የነበረው ለዚህ ነው። ማብሪያው ቢጠፋም 220 ቮልቱ እስከ አምፖል መያዣው ድረስ ስለሚደርስ፣ አምፖል ሊቀይር እጁን የሚሰድ ሰው በኤሌክትሪክ ሊያዝ ይችላል። ይህን ሳያስተካክል አዲሱን ሥራ አልጀመረም። ለዚህ ብቻ እንኳ ምስጋናዬ አይበዛበትም!

ከዚያ በሁለቱ ጫፎች ቱ ዌይ የሚባለውን፣ ፌዙን ከሁለት ሽቦዎች ወደ አንዱ የሚያዞር ማብሪያ፣ በመካከል ደግሞ አራት ሽቦ የሚይዝ ኢንተርሚዲየት የሚባል ማብሪያ ገጠመ። ፌዙ በመጀመሪያው ገብቶ ከመጨረሻው ወደ አምፖሎቹ ይወጣል። በመካከላቸው ሁለት ሽቦዎች ይሄዳሉ፤ ኢንተርሚዲየቱ እነዚህን አንዴ በቀጥታ ያሳልፋል፣ አንዴ ያጠላልፋል። አራተኛ ቦታ ቢያስፈልግ ሌላ ኢንተርሚዲየት በመካከል መጨመር ይበቃል። አምፖሎቹን በትይዩ ስላገናኛቸው አንዱ ቢቃጠል ሌሎቹ ይበራሉ።

ሲጨርስ ዝም ብሎ ዕቃውን አልሰበሰበም። ሦስቱ ማብሪያዎች በድምሩ 8 ዓይነት አቀማመጥ ስላላቸው ሁሉንም እየለዋወጠ ፈተሸ። ቀጥሎም እናቴን ጠርቶ «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩት» አላት። አብርታ አጥፍታ «እጅህ ይባረክ ልጄ» ስትለው የቤቱ ሰው ሁሉ ደስ አለው።

ዕቃውን የገዛነው እርሱ በጻፈልን ዝርዝር ከመርካቶ ነው፤ ኢንተርሚዲየቱ በሰፈራችን ሱቆች አልተገኘም። የእጁን ዋጋ አስቀድሞ ነግሮን በዚያው ጸና፤ የተረፈውንም ሽቦ ጠቅልሎ አስረከበን። አራት ኪሎ፣ ፒያሳና ቀበና አካባቢ ላላችሁ ስልኩን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ፤ ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ። ቤት የምታድሱ ከሆነ ግን ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ጥሩት፤ ሽቦው በቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ያን ጊዜ ነው።